መርከብ ላይ ሎብስተር ሲቀርብላችሁ፦ ከጅማ ለሚነሳ ሰው

አክስቴ ባለፈው እሁድ ቡና ጠጥተን ሳንጨርስ ስልካቸውን አወጡ። አንድ ፎቶ አሳዩኝ። ነጭ ሳህን ላይ ቀይ ቅርፊት፣ ቅርፊቱ ውስጥ ነጭ ሥጋ፣ ዳር ላይ ግማሽ ሎሚ። ሎብስተር ይሉታል፤ ጠንካራ ቅርፊት ያለው የባህር እንስሳ ነው። የላከችው ልጃቸው ናት። አሜሪካ ሄደው ከእሷ ጋር የካሪቢያንን ባህር ሰባት ሌሊት በመርከብ ሊዞሩ ነው። ልጅቷ ለእናቷ ብላ ገንዘብ ስታጠራቅም ከርማለች።

"የእምነቱን ነገር ለእኔ ተይው" አሉኝ። "አንቺ የምግቡን ንገሪኝ። ይሄ ነገር ጥሩ መሆኑን በምን አውቃለሁ?"

እኔ መርከብ ላይ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ከዱባይ ሆቴል ወጥ ቤት ነው ወደ ባህር የወጣሁት። መጀመሪያ ድስት አጠብኩ። ቀጥሎ አትክልት ከተፍኩ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት የአሳ ክፍል ነበርኩ። አሁን ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ትንሽ አሳ ቤት አለችኝ። ለብለብ፣ ጉላሽና ኮተሌት እሠራለሁ። ዘንድሮ እንዲህ ብለው የጠየቁኝ አክስቴ ሦስተኛዋ ናቸው። ልጆቻቸው ውጭ ያሉ ወላጆች ይህን ጉዞ እየጀመሩ ነው። ስለዚህ ለእሳቸው የነገርኳቸውን ለሁላችሁም ልጻፈው።

የእምነቱን ነገር አክስቴ ቢጨርሱትም፣ ያልጨረሰ ሰው ከመነሳቱ በፊት ይጨርስ። ሎብስተር፣ ትንሹ ዘመዱ ሽሪምፕና ሸርጣን፣ ክንፍና የአሳ ዓይነት ቅርፊት ያላቸው አሳዎች አይደሉም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከሚከለክላቸው ውስጥ ናቸው። በእስልምናም ሐነፊና ሻፊዒ የሚባሉት መዝሀቦች በዚህ ላይ አንድ አይደሉም። የየራሳችሁን አባት ወይም ሸኽ ጠይቁ። ያልበላ ሰው አይቸገርም፤ በዚያው ማታ ሌላ አሳ፣ ዶሮና አትክልት ይቀርባል።

የበረዶ ነው፣ ቅር አይበላችሁ

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ "ትኩስ ነው ወይስ የበረዶ?" ብሎ ነው። ቁርጡን ልንገራችሁ፤ የበረዶ ነው። እኔ የነበርኩበት መርከብ ከ3,000 በላይ ተሳፋሪ ይይዝ ነበር። ለዚህ ሁሉ ሰው በአንድ ማታ በሕይወት ያለ ሎብስተር ማቅረብ አይቻልም። እኛ የምንረከበው ጅራቱ ብቻ ተቆርጦ በካርቶን የታሸገ፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነው። የማቀዝቀዣው ክፍል ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ነው። ሱሪ ላይ ሱሪ ደርበን ነበር የምንገባው።

የበረዶ መሆኑ ጥፋት አይደለም። እንደተያዘ ፈጥኖ የበረደ ጅራት፣ ቀናት በየመጋዘኑ ከዞረ "ትኩስ" ይሻላል። ጥፋቱ የሚመጣው በአቀዘቃዘዙና በአቀላለጡ ነው። ቀስ ብሎ የሚበርድ ሥጋ ውስጥ ትልልቅ በረዶ ይሠራል። በረዶው ሥጋውን ከውስጥ ይቀደዋል። ሲቀልጥ ውሃው ይወርዳል፤ ጣዕሙም አብሮ ይወርዳል። ይህን ለማስረዳት ከጅማ መውጣት አያስፈልገኝም። መብራት ሲጠፋ ፍሪዘር ውስጥ የለሰለሰ ሥጋ፣ መብራት ሲመጣ እንደገና ሲጠነክር ሁላችንም አይተናል። ያ ሥጋ ድስት ሲገባ ውሃ ይተፋል፤ ከዚያ ይፈራርሳል። ሎብስተርም እንደዚያው ነው።

ስለዚህ ጥያቄውን ቀይሩት። በረዶው ከለቀቀ በኋላ ስንት ሰዓት ቆየ? ከእሳት ከወጣ በኋላስ ስንት ደቂቃ? የባህር ምግብ ሁሉ ነገሩ ሰዓት ነው። ከዚህ በታች የምላችሁ ሁሉ ያቺን ሰዓት እንዴት እንደምታሳጥሩ ነው።

ሎብስተር ሁለት ዓይነት መሆኑንም እወቁ። አንደኛው ቀዝቃዛ ባህር የሚኖረው ነው፤ ከአሜሪካዋ ሜይንና ከካናዳ ይመጣል። ሁለት ትላልቅ መቆንጠጫዎች አሉት። ሥጋው ለስላሳና ጣፋጭ ነው። ሁለተኛው የሞቃት ባህር ነው። መቆንጠጫ የለውም፤ ረጃጅም እሾሃማ አንቴናዎች አሉት። የሚበላው በአብዛኛው ጅራቱ ነው። ሥጋው ጠንከር ይላል። ቀይ ባህር ውስጥም የዚህ ዘመዶች አሉ፤ ምጽዋ የኖሩ አባቶች ያውቁታል። በካሪቢያን መርከቦች ዋናው መመገቢያ አዳራሽ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው የሞቃቱ ባህር ጅራት ነው። መጠኑም ከመዳፍ ብዙ አይበልጥም። ፎቶ ላይ ባለ መቆንጠጫውን አይታችሁ ከሄዳችሁና ጅራት ብቻ ከመጣላችሁ፣ ማንም አላታለላችሁም። ዝርያው ሌላ ነው።

መጀመሪያ ጅማ ላይ ተለማመዱ

አክስቴን በዚያው እሁድ ወደ ምድጃው ወሰድኳቸው። ምላስ ሳይለማመድ ሰሃን ላይ ያለውን መለየት አይችልም። ሎብስተር ጅማ የለም። ቆሮሶ የሚባለው አሳ ግን አለ። የግልገል ጊቤ ግድብ ውሃ መያዝ ከጀመረ ወዲህ አሳ ለጅማ ሰው ቅርብ ሆኗል። እኔም የምገዛው ከዚያ የሚመጣውን ነው።

ስትገዙ በጠዋት ውጡ። አይኑን እዩ፤ ወደ ውጭ ወጣ ያለና የጠራ መሆን አለበት። የሰረጎደና ያሻገተ የሚመስል አይን ካያችሁ እለፉት። ጉንጩን ከፍታችሁ ስንጥቡን እዩ፤ ደማቅ ቀይ ይሁን። ቡናማ ከሆነ ቆይቷል። በጣት ጫን አድርጉት፤ ጉድጓዱ ተመልሶ ከሞላ ጥሩ ነው። የጣታችሁ ምልክት እዚያው ከቀረ አትግዙ። ሻጩ ውሃ እየረጨ ሊያሳምርላችሁ ይሞክራል። ውሃ አይንን አያጠራም፣ ስንጥብንም አያቀላም።

አሁን ፈተናው። ከአንዱ አሳ ሁለት እኩል ቁራጭ አውጡ። ጨው ብቻ ነካ አድርጉ። አብራችሁ ጥበሱ፣ አብራችሁ አውጡ። አንዱን ወዲያው ብሉት። ሌላውን በክዳን ሸፍናችሁ ከሰሉ ዳር ሃያ አምስት ደቂቃ አቆዩት። ከዚያ ቅመሱት።

አክስቴ የመጀመሪያውን ሲበሉ ዝም አሉ። ሁለተኛውን ሲያኝኩ ቆዩና "ይሄ አሳ አይደለም፣ ገለባ ነው" አሉኝ። አሳው ያው ነው፣ ዘይቱ ያው ነው፣ እሳቱ ያው ነው። የተለየው ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። ያንን ልዩነት ምላሳቸው ያዘ። መርከብ ላይ የሚያስፈልጋቸው ይኸው ነው።

ከአዲስ አበባ የበረዶ ሽሪምፕ አስመጥታችሁ ቤት የምትቀቅሉም አላችሁ። ጅማ ከባህር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። ውሃችን የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባህር ላይ ግን በ100 ነው። ስለዚህ ከኢንተርኔት ያገኛችሁትን ደቂቃ በጭፍን አትከተሉ። ትንሽ ይጨምራል። ሽሪምፑ ወደ ውስጥ ቀለስ ብሎ ሲነጣና ሲቀላ አውጡት። ክብ ሆኖ ከተጠቀለለ አልፎበታል። ከአዲስ አበባ እስኪደርስ በመንገድ ከቀለጠ ደግሞ መልሳችሁ ፍሪዘር አታስገቡት። በዚያው ቀን ሥሩት።

የሎብስተሩ ማታ

በሰባት ሌሊት ጉዞ ላይ ሎብስተር ብዙ ጊዜ አንድ ማታ ነው፤ ሰው ዘንጦ ከሚወርድባቸው ምሽቶች አንዱ ላይ። የትኛው ማታ እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን አስተናጋጁን ጠይቁት። ያውቃል፣ ይነግራችኋል። ሁሉም ኩባንያ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ የመጀመሪያውን ጅራት በቲኬቱ ዋጋ ያቀርባል፤ ለተጨማሪው ያስከፍላል። አንዳንዱ የሚያቀርበው ገንዘብ በሚከፈልበት ምግብ ቤት ብቻ ነው። ይህንንም በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ። ቡፌው ላይ ጠብቃችሁ አትቅሩ፤ እዚያ እምብዛም አይወጣም።

አሁን ከውስጥ ያለውን ላሳያችሁ።

ጅራቱ ከአንድ ቀን በፊት ከበረዶ ክፍል ይወጣል። የሚቀልጠው ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ማቅለጥ ክልክል ነው። ጠዋት ቅርፊቱን ከጀርባው እንሰነጥቃለን። ሥጋውን አውጥተን ቅርፊቱ ላይ እናስተኛዋለን። ጣቴ ላይ ያሉት ትንንሽ ጠባሳዎች የዚያ ቅርፊት ናቸው። ቅቤ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ፓፕሪካ ይቀባል። ማታ በትሪ በትሪ ኦቭን ይገባል። ውስጡ 63 ዲግሪ ሲደርስ በስሏል። እዚህ ድረስ ሁሉም ጥሩ ነው።

ችግሩ ከዚህ በኋላ ይመጣል። አዳራሹ ውስጥ ብዙ መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ይቀመጣል። ሁሉም ሎብስተር ያዛል። ስለዚህ ቀድመን አብስለን የሚያሞቅ ካቢኔ ውስጥ እናስቀምጣለን። የጤና ሕጉ ትኩስ ምግብ ከ57 ዲግሪ በታች እንዳይወርድ ያዛል። ሕጉ ትክክል ነው፤ ሰው አይታመምም። ነገር ግን በዚያ ሙቀት ውስጥ ሎብስተሩ መብሰሉን አያቆምም። በየደቂቃው ይጨማደዳል። በሽታን የሚከለክለው ሙቀት ጣዕሙንም ይወስደዋል። ይህን ሳስብ አሁንም ይቆጨኛል። የባህር ምግብ ለብዙ ሰው በአንዴ ሲሠራ የማይቀር ዕዳ ነው።

አንድ ማታ አልረሳም። መርከቡን አልጠራም። የአዳራሹ ንግግር ረዘመ። ትሪዎቹ ካቢኔ ውስጥ ከአርባ ደቂቃ በላይ ቆዩ። እኛ ቆመን እናያለን፣ ምንም ማድረግ አንችልም። በመጨረሻ ሲወጣ ሥጋው ከቅርፊቱ ተላቆ ግማሽ ሆኗል። ሳህኖቹ ሲመለሱ አየሁ። ብዙው ሰው ግማሹን ትቶት ነበር። ማንም ግን አልተናገረም። አንድ ጠረጴዛ ብቻ "ይህ ደርቋል፣ እንጠብቃለን" አለ። ለእነሱ አዲስ ትሪ ገባ። ከአሥር ደቂቃ ትንሽ አልፎ ምን የመሰለ ሎብስተር ወጣላቸው። ያ ጠረጴዛ ከሌላው የሚለየው ምንም የለም። ጠየቁ፣ አገኙ።

ስለዚህ እናንተ እንዲህ አድርጉ። አዳራሹ ሁለት ዙር ካለው የትኛውም ዙር ይሁን፣ በሩ እንደተከፈተ ግቡ። የመርከብ ሰዓት የፈረንጅ ሰዓት መሆኑን አትርሱ፤ ወረቀቱ ላይ 6 ሰዓት ቢል የእኛ 12 ሰዓት ነው። ቀድሞ የገባ ቀድሞ ያዛል። የመጀመሪያው ትሪ ገና ካቢኔውን አልለመደውም። ዘግይታችሁ ከገባችሁ ደግሞ ሾርባውንና ሰላጣውን ቀስ ብላችሁ ብሉ። ለአስተናጋጁ ከአዲሱ ትሪ እንደምትፈልጉና እንደምትጠብቁ ንገሩት። "እጠብቃለሁ" የምትለው ቃል ወጥ ቤት ውስጥ ትልቅ ዋጋ አላት። ቸኩያለሁ የሚል ሰው ካቢኔ ውስጥ ያለው ይደርሰዋል።

የሚከፈልበት ምግብ ቤት ይሻላል ወይ? በእኔ አስተያየት፣ በሕይወታችሁ አንዴ የምትሄዱ ከሆነና ልጆቻችሁ መክፈል ከቻሉ፣ አንድ ማታ እዚያ ብሉ። ጅራቱ ሌላ ስለሆነ አይደለም። አንዳንዴ ያው ካርቶን ነው። እዚያ ግን አንድ በአንድ ይሠራል፣ ከእሳት ቀጥታ ወደ እናንተ ይመጣል። የምትከፍሉት ለደቂቃዋ ነው።

ሳህኑ ፊታችሁ ሲቀመጥ

ቅርፊቱ መቅላቱን አይታችሁ አትርኩ። የሎብስተር ቅርፊት ውስጥ ያለው ቀይ ቀለም በሕይወት እያለ ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ተደብቋል። ሙቀት ሲነካው ይለቀቃል። ስለዚህ ቅላቱ የሚነግራችሁ እሳት መንካቱን ብቻ ነው። ያረጀውም ይቀላል።

ሥጋውን እዩ። በደንብ የበሰለ ሥጋ እንደ ወተት ነጭ ነው፤ ላዩ ላይ ቀላ ያለ ስስ ሽፋን አለው። መሃሉ ላይ መስታወት የመሰለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር ካለ አልበሰለም፤ መልሱት። ዳር ዳሩ ቢጫና ደረቅ ከሆነ በረዶ አቃጥሎታል፤ ፍሪዘር ውስጥ ብዙ ቆይቷል ወይም በደንብ አልታሸገም። ሥጋው ተኮማትሮ ከቅርፊቱ ርቆ ከሆነ ካቢኔ ውስጥ ቆይቷል። ቅርፊቱ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ካያችሁ አትደንግጡ፤ ሙዝ እንደሚጠቁረው ነው፣ ብቻውን የመበላሸት ምልክት አይደለም።

አሽትቱት። ማሽተት ነውር አይደለም። ጥሩ ሎብስተር የባህር አየርና ትንሽ ጣፋጭ ነገር ይሸታል። አፍንጫ የሚወጋ፣ የከብት በረት ሽንት የመሰለ ሽታ ከመጣ አሞኒያ ነው። አንድ ጉርሻም አትቅመሱ።

ከዚያ በሹካ ሳብ አድርጉት። ጥሩው ወፍራም ወፍራም ሆኖ ይላቀቃል፣ ትንሽም እርጥበት ይወጣዋል። እንደ ጎማ ሹካውን መልሶ የሚገፋ ከሆነ አልፎበታል። እንደ ገንፎ የሚላቁጥ ከሆነ ጥፋቱ የቆየ ነው፤ ወይ ከመታረዱ በፊት ሞቷል፣ ወይ ቀልጦ እንደገና በርዷል። ሎብስተር ከሞተ በኋላ የገዛ ሆዱ ውስጥ ያለው ነገር ሥጋውን ይፈጨዋል። ለዚህ ነው በሕይወት እያለ ወዲያው የሚሠራው ወይም የሚበርደው።

የመጀመሪያዋን ጉርሻ ባዶዋን ብሉ። ቅቤ የለ፣ ሎሚ የለ። አክስቴ "ሚጥሚጣ ይዤ ልሂድ?" ብለውኝ ነበር። ሚጥሚጣ ሁሉን ይሸፍናል፤ መጥፎውንም ጥሩውንም። መጀመሪያ ቅመሱ፣ ከዚያ የፈለጋችሁትን አድርጉ። አጠገቡ በትንሽ ሳህን የሚመጣው ቢጫ ነገር የተነጠረ ቅቤ ነው። ከእኛ ንጥር ቅቤ ኮረሪማውንና ኮሰረቱን ብታወጡለት ያው እሱ ነው። ለእኔ ምላስ ኮረሪማው ይጎድለዋል። አንድ ቀን ለሠራተኞች ማዕድ ከቤት የተላከልኝን ቅቤ አቅልጬ አቀረብኩ። የፊሊፒንስና የሕንድ ጓደኞቼ ድስቱን በዳቦ ጠረጉት።

ሌሎቹን በአጭሩ

ሳልመን የሚባለው አሳ ብዙ ጊዜ አያሳፍርም፤ ስብ ስላለው ካቢኔውን ከሎብስተር ይበልጥ ይችላል። አርጅታችሁ ጥርስ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ እሱን እዘዙ። ሽሪምፕ በበረዶ ላይ ሲቀርብ በረዶው ያልቀለጠበትን ሰዓት ምረጡ። ቀዝቃዛ የባህር ምግብ ከ5 ዲግሪ በላይ መውጣት የለበትም። ቡፌው እንደተከፈተ ውሰዱ። ያረጀው ላይ አዲስ ከተደረበበት ትሪ አትውሰዱ። መስል የሚባለው ጥቁር ቅርፊት ያለው ነገር ሲበስል አፉን መክፈት አለበት፤ ያልከፈተውን ተዉት።

ኦይስተር በሚባለው ቅርፊታም የባህር ምግብ ላይ ግን ቆም እላለሁ። ጥሬውን በሎሚ ነው የሚጠጡት። እኛ ቁርጥና ክትፎ ለምደናል፤ ጥሬ ነገር አያስፈራንም። ይህ ግን እንደ ሥጋው አይደለም። ኦይስተር ቀኑን ሙሉ የባህር ውሃ እያጣራ የሚኖር ፍጥረት ነው። ውሃው ውስጥ ያለው ጀርም እሱ ውስጥ ይጠራቀማል። ቪብሪዮ የሚባል ባክቴሪያ የጉበት ሕመም፣ ስኳር ወይም ደካማ መከላከያ ላለበት ሰው እስከ ሞት ያደርሳል። አክስቴ ስኳር አለባቸው። "ጥሬ ኦይስተር እንዳይነኩ" ብዬ አስማልኳቸው። ሎሚም ሆነ ሚጥሚጣ ጀርሙን አይገድልም። የበሰለ ከሆነ ይብሉ።

ሱሺ ላይ፣ ጥሬ አሳ በሚገባበት የጃፓን ምግብ፣ የበረዶው ነገር ይጠቅማችኋል። ጥሬ የሚበላ አሳ ውስጡ ያለው ትል እንዲሞት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ሰባት ቀን እንዲቆይ ይደረጋል። ነፍሰ ጡርና አዛውንት ግን ቢተዉት ይሻላል።

ቱናና ማሂ ማሂ የሚባሉትን አሳዎች ስትበሉ አፋችሁ ከተለበለበ፣ በርበሬ ሳይኖረው በርበሬ በርበሬ ካላችሁ አቁሙ። አሳው ሙቀት ላይ ቆይቶ ሂስታሚን የሚባል የሚያሳምም ነገር ሠርቷል ማለት ነው። ይህን ማብሰል አያጠፋውም። መርከቡ ደሴት ላይ ሲቆም ወርዳችሁ ከበላችሁ ደግሞ ባራኩዳ የሚባለውን አሳ አትዘዙ። በኮራል አካባቢ የሚኖሩ ትላልቅ አሳዎች ሲጓቴራ የሚባል መርዝ ሊይዙ ይችላሉ። ሽታም ጣዕምም የለውም፣ እሳትም አያጠፋውም። በአይን የማይለይ ነገር ላይ ያለኝ ምክር መተው ብቻ ነው።

ከአሜሪካ ወደብ ተነስተው ወደ ሌላ አገር የሚሄዱ መርከቦችን የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) ሳይነግር ገብቶ ይመረምራል። ነጥቡ ከ100 ነው። 85ና ከዚያ በታች ያገኘ ወድቋል። ውጤቱ ኢንተርኔት ላይ ለሁሉም ክፍት ነው። ልጆቻችሁ ቲኬት ከመቁረጣቸው በፊት የመርከቡን ስም አስገብተው ይዩት። የመርማሪዎቹ ቡድን የገባ ቀን ወጥ ቤቱ እንዴት ቀጥ እንደሚል አስታውሳለሁ። ሰማያዊው የአሳ መክተፊያ ከሌላው ጋር እንዳይነካካ አይናችን አይነቀልም ነበር።

እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። መርከብ ላይ ሆድ የሚያናጋው ዋነኛው ቫይረስ ኖሮቫይረስ ነው። በሩ ላይ የሚረጩላችሁ ሳኒታይዘር እሱን በደንብ አይገድለውም። ከማዕድ በፊት በማስታጠቢያ መታጠብ ያሳደገን ሰዎች ነን፤ ያንን ልማድ እዚያም ይዛችሁ ሂዱ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትበሉ ተጠንቀቁ

ይህን ክፍል አትዝለሉት። ጅማ ያደገ ሰው ብዙውን ጊዜ ሎብስተርም ሽሪምፕም ቀምሶ አያውቅም። ስለዚህ አለርጂ ይኑረው አይኑረው አያውቅም። በሎብስተር፣ በሽሪምፕና በሸርጣን ውስጥ ያለው ዋናው የአለርጂ ፕሮቲን ትሮፖማዮሲን ይባላል። ሲበስልም አይጠፋም። የበረሮና የአቧራ ውስጥ ተባዮች ፕሮቲንም ይመስለዋል። ስለዚህ የአቧራ አለርጂ ያለባችሁ ሐኪም ሳታማክሩ አትጀምሩ። በአሳ ያልታመመ በሎብስተር አይታመምም ማለት አይደለም፤ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው።

መጀመሪያ ትንሽ ቁራጭ ብቻ ብሉ። ጠብቁ። ከንፈር ካበጠ፣ ሰውነት ካሳከከ፣ ድምፅ ከጎረነነ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ዝም ብላችሁ ወደ ክፍላችሁ አትሂዱ። እዚያው ለአስተናጋጁ ተናገሩ። መርከቡ ላይ ሐኪም አለ። ብቻችሁን አትሁኑ።

ይሉኝታውን ጅማ ጥላችሁ ሂዱ

ከሁሉም በላይ የማስበው ይህን ነው። የእኛ ሰው የቀረበለትን አይመልስም። ደረቅ ቢሆን ያኝካል፣ ቀዝቃዛ ቢሆን ይውጣል፣ "እግዜር ይስጥልኝ" ይላል። ቤት ውስጥ ይህ ጨዋነት ነው። መርከብ ላይ ግን ወጥ ቤት ያለነው ሰዎች የምናውቀው ሳህኑ ሲመለስ ብቻ ነው። የመለሰ ሰው አይናደዱበትም። እኔ ራሴ የተመለሰ ሳህን ሲመጣ ቅር ብሎኝ አያውቅም፤ በተቃራኒው ይህ ሰው አሳ ያውቃል እላለሁ። ሳይመልስ የተወው ግን ያሳዝነኛል። ገንዘቡን ከፍሎ፣ ባህር ተሻግሮ፣ ገለባ በልቶ ሄደ።

አስተናጋጁን በአክብሮት አናግሩት። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውል፣ እናቱን ጥሎ የመጣ ልጅ ነው። ግን ተናገሩ። እንግሊዝኛ የማይችሉ ወላጆች ሦስት አጭር ዓረፍተ ነገሮች ይበቋቸዋል። ልጆቻቸው በፊደላችን ጽፈው ቦርሳ ውስጥ ያስቀምጡላቸው። ከአዲሱ ትሪ ሲፈልጉ፦ "ፍሬሽ ዋን ፕሊስ፣ አይ ካን ዌይት።" ደርቆ ከመጣ፦ "ቱ ድራይ፣ ፕሊስ ቼንጅ።" ሎብስተርና ሌላውን ቅርፊታም የባህር ምግብ የማይበሉ ወይም አለርጂ ያለባቸው፦ "ኖ ሼልፊሽ።" የመጨረሻዋን በመጀመሪያው ማታ፣ ገና ሲቀመጡ ይናገሯት። ለሰባቱም ሌሊት ይመዘግቡላቸዋል።

አክስቴ ወረቀቱን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው ወሰዱት። ትናንት ማታ ደውለው የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር በቃላቸው አሉልኝ። "ፍሬሽ" ላይ ትንሽ ይጎትታሉ። "ዌይት" ግን ጥርት ብሎ ወጣ። አስተናጋጁ ይገባዋል።